«አላጨስም» የሚለውን መልስ ስለ መመዝገብ

ውድ ወጣቶች፣

በጤና ዳሰሳ ጥናት ሥራ ላይ ብዙ ዓመታት በማሳለፌ፣ ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምታነሡብኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሰው ስለ ማጨሱና ስለ መጠጣቱ በገዛ አንደበቱ የሚሰጠው መልስ ምን ያህል ይታመናል? አንድ የመቶኛ ቁጥር ነግሬያችሁ እንድንገላገል እንደምትፈልጉ ይገባኛል። እኔ ግን መልሱን ማን፣ የት፣ በምን ቃል ጠይቆ እንዳገኘው ሳላውቅ ስለ እውነተኛነቱ መናገር አይሆንልኝም፤ ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳትም ገና ጀማሪ ሳለሁ ከሠራሁት ጥፋት ልጀምር።

ቤት ለቤት እየዞርን መጠይቅ በምንሞላበት አንድ ጥናት፣ አንድን የ17 ዓመት ወጣት እናቱ አጠገቡ እንደተቀመጡ «ሲጋራ አጭሰህ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «በፍጹም» አለኝ፤ እኔም እንዳለኝ ጻፍኩ። ከቤቱ ወጥቼ ጥቂት እንደሄድኩ ልጁ ሮጦ ደረሰብኝና «ያንን ማስተካከል ይቻላል ወይ?» አለኝ። አስተካከልኩለት። ማታ የዕለቱን መጠይቆች ሳገላብጥ ግን፣ ወላጅ ባለበት የጠየቅኋቸው ወጣቶች 8 ሆነው አገኘኋቸው፤ ሮጦ የደረሰብኝ አንዱ ብቻ ነበር። ስለ ቀሩት 7 እስከ ዛሬ የማውቀው ነገር የለም፤ መልሳቸው ግን ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ የጥናቱ ውጤት ሆኗል።

የእኔ ጥፋት የተለየ አልነበረም። ወጣቶች ቤታቸው ውስጥ በቃል ሲጠየቁ ከሚናገሩት ይልቅ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ስማቸውን ሳይጽፉ በወረቀት ሲሞሉ የሚገልጹት የማጨስና የመጠጣት መጠን ከፍ እንደሚል በተደጋጋሚ ታይቷል። ተጠያቂው ጥያቄውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ራሱ ኮምፒዩተር ላይ የሚመልስበት ዘዴ የተስፋፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገሩ ሁልጊዜ ወደ መደበቅ ብቻ የሚያደላም አይደለም፤ ነውር ተብሎ የሚታሰበው ሲቀነስ፣ በእኩዮች ዘንድ ጀግንነት መስሎ የሚታየው ደግሞ ሊጨመር ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴትና ሐኪሙ «ተው» ብሎ ያስጠነቀቀው የልብ ሕመምተኛ የሚደብቁት፣ ከሌላው ሰው የባሰ ውሸታሞች ስለሆኑ ሳይሆን እውነቱን ሲናገሩ የሚከተላቸው ወቀሳ ከሌላው ስለሚከብድ ነው።

«ታዲያ ለምን ደሙን አንመረምርም?» ትሉኝ ይሆናል። ስለ ማጨስ ከሆነ ጥሩ መሣሪያ አለን። ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ ኮቲኒን የሚባል ውህድ ይፈጠራል፤ ኒኮቲን በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ሲቀንስ፣ ኮቲኒን ለዚህ 16 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት በደም፣ በምራቅና በሽንት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ጥምር ትንተና እንዳሳየው፣ ምርመራው አጫሽ ናቸው ካላቸው 100 ሰዎች በአማካይ 87 ያህሉ ራሳቸው «አጨሳለሁ» ብለው ነበር፤ አያጨሱም ካላቸው 100 ደግሞ «አላጨስም» ያሉት 89 ያህል ናቸው። ብዙዎች የመጀመሪያውን ቁጥር ጠቅሰው ሁለተኛውን ያልፉታል። እኔ ግን አጫሽነታቸውን ራሳቸው ተናግረው ምርመራው «አይደላችሁም» ያላቸው እነዚያ 11 ሰዎች ይበልጥ ያስተምሩኛል፤ ከእነርሱ መካከል ከስንት ቀን አንዴ የሚያጨሱና ኮቲኒኑ ከሰውነታቸው አስቀድሞ የወጣ ይኖራሉና፣ እዚያ ላይ የተሳሳተው ምርመራው ነው። በአንጻሩ ማጨስ ለማቆም የኒኮቲን ፕላስተር የሚለጥፍ ሰው ምርመራው አጫሽ ያስመስለዋል። አጫሹን ከማያጨሰው የሚለየው የኮቲኒን ወሰን ራሱም ቋሚ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ በደም ውስጥ በሚሊሊትር ወደ 15 ናኖግራም ሆኖ ሲሠራበት ቆይቶ፣ በአሜሪካ ሰዎች ለሌሎች አጫሾች ጭስ የሚጋለጡበት መጠን እየቀነሰ ሲሄድ ለአዋቂዎች ወደ 3 ናኖግራም ዝቅ እንዲል ሐሳብ ቀርቧል።

ወደ መጠጥ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ሰዎች በዳሰሳ ጥናት ጠጣን የሚሉት ሁሉ ተደምሮ ከተሸጠው አልኮል ጋር ሲነጻጸር፣ በብዙ አገሮች ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ይሸፍናል። ቀሪው የት ገባ? ከፊሉ በእርግጥ ተደብቋል። ከፊሉ ግን ማንም ሳይዋሽ የጠፋ ነው፤ አብዝተው የሚጠጡ ሰዎች ቤታቸው አይገኙም ወይም በጥናት ለመሳተፍ ፈቃደኛ አይሆኑም፤ «አብዛኛውን ጊዜ ስንት ትጠጣለህ?» የተባለም ሰው የተለመደውን ቀን እንጂ የበዓሉንና የሠርጉን አይቆጥርም። ከዚያም የብርጭቆው ጉዳይ አለ። አንድ «መደበኛ መጠጥ» በብሪታንያ 8 ግራም፣ በአውስትራሊያ 10 ግራም፣ በአሜሪካ 14 ግራም ንጹህ አልኮል ማለት ነው። 750 ሚሊሊትር የሚይዝና የአልኮል መጠኑ 12 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ወይን 71 ግራም ያህል አልኮል ስላለው፣ በመጀመሪያው ስሌት 9፣ በሁለተኛው 7፣ በሦስተኛው 5 መጠጥ ይሆናል። ይህን እኛ ባለሙያዎቹ ሳንስማማበት፣ ቤቱ ውስጥ በገዛ ብርጭቆው እየቀዳ የሚጠጣ ሰው እንዲያውቅልን መጠበቃችን ይገርመኛል። የብርጭቆና የጠርሙስ ሥዕል ያለበት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስለ «አብዛኛውን ጊዜ» ከመጠየቅም ያለፉትን 7 ቀናት ከትናንት ጀምራችሁ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ጠይቁ። ቀኖቹን ከሥራና ከእንግዳ ጋር እያያያዘ የሚያስታውስ ሰው በጅምላ ከሚገምት ሰው የተሻለ ይናገራል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ እኔ ራሴ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። «አልጠጣም» የሚለው መልስ ጠጥቶ የማያውቀውንና ታሞ ያቆመውን በአንድ ላይ ይጠቀልላል። በጥቂቱ የሚጠጡ ሰዎች ከማይጠጡት የተሻለ ጤና ያላቸው መስለው በታዩባቸው ጥናቶች ላይ ከቀረቡት ብርቱ ትችቶች አንዱ ይህ ነው፤ በሕመም ምክንያት ያቆሙት ሰዎች የማይጠጡትን ወገን ስለሚያከፉት፣ ጥቂት የሚጠጣው በንጽጽር ጤነኛ መስሎ ይወጣል። ተጠያቂው እውነቱን ተናግሯል፤ «ከዚህ በፊትስ?» የምትለዋን አንዲት ጥያቄ የዘለልነው እኛ ነን።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ መጠይቅን እንዳትንቁ እፈራለሁ። የብሪታንያ ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1951 ለብሪታንያ ሐኪሞች ስለ ማጨስ ልማዳቸው መጠይቅ በፖስታ ሲልኩ የማንንም ደም አልመረመሩም። መልስ የሰጡትን 34,439 ወንድ ሐኪሞች ጥናቱ ለ50 ዓመታት ተከታተለ፤ ልማዳቸውንም በየጊዜው እየደገመ ጠየቀ፤ ሲጋራ የሚያጨሱት ከማያጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱም አሳየ። አንዳንድ አጫሾች ራሳቸውን ከማያጨሱት ቢደምሩ ኖሮ የማያጨሱት ሞት ከፍ ብሎ የሁለቱ ልዩነት ይጠብ ነበር፤ እንዲህ ያለው ስህተት እውነተኛውን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አሳንሶ ያሳያል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው መልስ ስህተት እንዳለበት ስታውቁ ለመጣል አትቸኩሉ፤ ስህተቱ ወደ የት እንደሚያዘነብልና ከማን ላይ እንደሚበዛ ፈልጉ።

ከዚያ ልጅ ወዲህ በማዘጋጀው መጠይቅ ሁሉ፣ ከማጨስና ከመጠጥ ጥያቄዎች በታች «በቃለ መጠይቁ ጊዜ ሌላ ሰው ነበረ? ማን?» የሚል ቦታ አስገባለሁ። የሚሞላው ጠያቂው ነው። ባዶ ሆኖ የሚመለስልኝ ብዙ ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ወረቀቱን ይዤ ወደ ጠያቂው እሄዳለሁ።