ለጓደኛዬ ሚናውን ልስጣት ወይስ ኦዲሽን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የምማር የፊልም ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያዬ የ12 ደቂቃ አጭር ፊልም እሠራለሁ። መሪዋ ገጸ ባሕሪ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የምትሸጥ ወጣት ስትሆን የዕለቱን ገቢ ከታላቅ ወንድሟ ትደብቃለች። መድረክ ላይ የምትሠራ ጓደኛዬ ሚናው የእሷ እንደሆነ አድርጋ ይዛዋለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ኦዲሽን አድርጊ፤ ጓደኛሽም እንደማንኛዋም ትፈተን። ይህን ደግሞ ዛሬውኑ ንገሪያት፤ ከሰው ከሰማችው ቂም ይሆናል። መሪዋ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር የምትሸከም ናትና እሷ ላይ የተሳሳትሽውን ኤዲቲንግ አያድነውም። ነገ ሥራ ስትጠይቂም አሳዪን የሚሉሽ ይህንኑ ፊልም ነው።

ከስክሪፕቱ ሁለት ትዕይንት ምረጪ፤ እያንዳንዱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። አንዱ ከወንድሟ ጋር የምትነጋገርበት፣ ሌላው ምንም ሳትናገር ብሩን ቆጥራ የምትደብቅበት ይሁን። ሁለተኛውን ብዙ ተማሪ ይዘለዋል፤ ዝም ስትል ሐሳቧ ፊቷ ላይ መነበቡን የምታውቂው ግን እዚያ ነው። ገጾቹን ከሁለት ቀን በፊት በቴሌግራም ላኪላቸው።

ለአንድ ሰው 20 ደቂቃ ያዢ። ክፍሉ ባጃጅ ከሚበዛበት መንገድ ይራቅ። ካሜራው፣ ስልክም ቢሆን፣ ትራይፖድ ላይ በዓይኗ ቁመት ቆሞ ከደረቷ በላይ ይያዛት። የወንድሟን ቃል የሚያነብላት ሰው ካሜራውን ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ከራቀ ግማሽ ፊቷን ብቻ ነው የምታዪው። አንቺ አታንብቢ፤ ዓይንሽ ወረቀት ላይ ሆኖ እሷን ልታዪ አትችዪም።

መጀመሪያ ምንም ሳትያት ትሥራው። ቀጥሎ አንድ ነገር ለውጪባት። «እዘኚ» አትበያት፤ ስሜት ካዘዝሻት ለምዳ የያዘችውን ፊት ታሳይሻለች። የምትሠራውን ስጫት፦ «ወንድምሽ የብሩን ከረጢት ሳያይ ይሂድልሽ፤ እጅሽ ግን ቆሮሶ ዓሣውን መፋቁን አያቁም።» ለዓሣው የተጠቀለለ ፎጣ፣ ለቢላዋው ማንኪያ ይበቃል። ስትናገር እጇ ቀጥ ካለ ልቧ ያለው ቃሉን ማስታወሱ ላይ ነው። እጇ እየሠራ ዓይኗ ከረጢቱን ከሸሸ ስሟን አስምሪበት። መጀመሪያ አሳምራ ሁለተኛውንም ያንኑ ከደገመች ቀረጻ ላይም የምታገኚው ያንኑ ነው። ደካማ ጀምራ በአንድ ቃልሽ የተለወጠችው ትበልጥብኛለች።

የመድረክ ልምድ ያላት ሰው ድምፅዋን ለኋለኛው ወንበር መላክ ለምዳለች፤ ካሜራው ፊቷን ብቻ በቅርበት ሲይዝ (በክሎዝ አፕ) ግን ያ ጩኸት ይሆናል። ጓደኛሽን «አጠገብሽ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ንገሪው» በያትና ድምፅዋ ሲወርድ ስሜቱም አብሮ መውረድ አለመውረዱን እዪ።

ሁለት ሦስት ሰው ሲቀርሽ ለወንድምነት ካሰብሽው ልጅ ጋር አሞራ ገደል ወስደሽ በጠዋት ሞክሪያቸው። ዓሣ ገዢው ከቧቸው፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እግራቸው ሥር እየተርመሰመሰ የምትደነግጠው ያኔ ትለያለች። በማግስቱ ቪዲዮውን መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተሽ እዪው፣ ከዚያ ሳታዪ ስሚው።

ሚናውን ከመስጠትሽ በፊት የፈተናና የሥራ ቀናቸውን ጠይቂ። ትራንስፖርትና ምሳ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይሁን፤ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ወላጅ ይፈርም። ትዕይንቶቹ በቅደም ተከተል ስለማይቀረጹ ቀረጻው እስኪያልቅ ሹሩባዋን እንዳትፈታ አደራ በያት። ሁለተኛ የወጣችውን ፈቃዷን ጠይቀሽ በተጠባባቂነት ያዢ።

ላልተመረጡት በ3 ቀን ውስጥ ደውዪላቸው። ጓደኛሽ ካልተመረጠች ግን በስልክ አይሁን፤ ከሌሎቹ በፊት፣ ፊት ለፊት ንገሪያት።