ከፓወር ሰፕላዩ ጀምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። «ባሕር ዳር ነኝ፣ የጌም ኮምፒውተር ራሴ መገጣጠም እፈልጋለሁ፣ ብሬ መካከለኛ ነው፣ የቱ ላይ ላውጣ የቱ ላይ ልቆጥብ» ነው ያልከው። ጓደኛህ ደግሞ «ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ግዛና ካርድ ሰካበት» ብሎሃል። የዕቃ ዝርዝርህንም አየሁት። ስለ ፕሮሰሰሩና የጌሙን ምስል ስለሚሠራው ግራፊክስ ካርድ በደንብ አስበህበታል። ፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ተቀብሎ ለዕቃዎቹ ሁሉ የሚያከፋፍለው) ጋ ስደርስ ግን «ከኬዙ (ከሳጥኑ) ጋር የሚመጣው» ይላል። እዚያ ላይ ደነገጥኩ። ስለዚህ መልሴን ከእሱ ልጀምር።

የመጀመሪያ ፒሲዬን የገጣጠምኩት ፖሊ ቴክኒክ ተማሪ እያለሁ ነው። ቤታችን እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። ያለኝን ብር ሁሉ ካርዱ ላይ አወጣሁና ፓወር ሰፕላዩን ከኬዙ ጋር እንደመጣ ተውኩት። መጀመሪያ ሲነሳ ደስታዬን አትጠይቀኝ። ችግሩ የመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጌም መሃል ላይ ስክሪኑ ድርግም ይልና ፒሲው እንደገና ይነሳል። ራሙን (ጊዜያዊ ሚሞሪውን) ቀየርኩ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫንኩ። ካርዱ ይሆናል ብዬ ለጓደኛዬ ሰጠሁት፤ ሳምንት ሙሉ ተጫወተበት፤ ምንም አልሆነም።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ከጓዳ ተጣራች። «ምጣዱን ሰክቼዋለሁ፣ ሊጡን አቀብለኝ» አለችኝ። ቀና ስል የክፍሌ አምፖል ደብዘዝ አለ። ፒሲው ያኔውኑ ጠፋ።

ለካ ነገሩ ምጣዱ ኖሯል። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። የቤቱ መስመር ደካማ ከሆነ ቮልቴጁን ይዞት ይወርዳል። የእኔ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የምትል ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ ያለችው ነበር። ይህ ዓይነቱ ቮልቴጅ ሲወርድበት አይችልም። ጥሩዎቹ ላይ መቀያየሪያዋ የለችም። «100-240 ቮልት» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ከ220 ወደ 170 ቢወርድ እንኳ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ለእኛ ሰፈር መብራት ከዚያች ጽሑፍ የበለጠ የሚጠቅም ነገር በኮምፒውተር ዕቃ ላይ ተጽፎ አላየሁም።

ምክንያቱን ባውቅም ቶሎ አልቀየርኩትም፤ እጄ ላይ ብር አልነበረም። ነሐሴ ላይ፣ ሌሊት፣ ዶፍ እየጣለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ጧ! አለ። የተቃጠለው ሽታ እስከ ጠዋት ከክፍሌ አልወጣም። ማዘርቦርዱም (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ) ኤስኤስዲውም (ፋይል የሚቀመጥበት) አብረው ሄዱ። በፓወር ሰፕላዩ ያተረፍኩት ብር የአንዱን ማዘርቦርድ ሩብ አይሞላም ነበር።

ስለዚህ ስትገዛ «500 ዋት» የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ አትመን። ጎኑ ላይ ሠንጠረዥ አለ። +12 ቮልት የሚለውን ፈልግና ከሥሩ ያለውን አምፔር በ12 አባዛው። 18 አምፔር ካለ 216 ዋት ብቻ ነው፤ ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚበሉት ከዚያ መስመር ነው። የእውነት 550 ዋት የሆነው ከ40 አምፔር በላይ ይጻፍበታል። ያንተን ፒሲ እናስላው። አርኤክስ 6600 ካርድ 132 ዋት ይበላል። ራይዘን 5 5600 ሲጨነቅ 76 ዋት አካባቢ ነው። ሌላው ሁሉ ተደምሮ 50 ቢሆን 260 ዋት ገደማ ነው። እውነተኛ 550 ዋት ይበቃሃል፣ ይተርፍሃልም። 750 ግዛ የሚልህን አትስማ፤ ልዩነቱን ካርዱ ላይ ጨምረው። «80 ፕላስ ብሮንዝ» የሚለው ምልክት ደግሞ መብራት እንደማያባክን ነው የሚናገረው እንጂ ዕቃህን ይጠብቃል ማለት አይደለም። ምልክቱ ይኑር፣ ግን ሠንጠረዡን አንብብ።

ፓወር ሰፕላይ ያገለገለ አትግዛ። ሌላውን ሁሉ ያገለገለ ብትገዛ አልቃወምህም።

ብር ተርፎህ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ብትገዛ አሪፍ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቪኤ ዋት አይደለም፤ 1000 ቪኤ የሚባለው ብዙ ጊዜ 600 ዋት አካባቢ ነው። አምስት ደቂቃ ቢሰጥህ ይበቃል፤ ሴቭ አድርገህ ታጠፋለህ። ዩፒኤስ እስክትገዛ ድረስ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀል፤ ሲመጣም ትንሽ ቆይተህ ሰካ። ኬዙን ስትነካ እጅህን የሚነዝርህ ከሆነ ደግሞ የቤታችሁ መስመር ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ የጥበቃ ሽቦ) የለውም ማለት ነው። ብዙ ቤት እንዲህ ነው፤ ሰው ለምዶት ዝም ይላል። ዝም አትበል። ኤሌክትሪሻን አስጠርተህ ግራውንድ አስቀብር፤ ለአንተም ለቤተሰብህም ነው።

አሁን ወደ ካርዱ። ዋጋ በብር አልጽፍልህም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዛሬ የሰማሁት ዋጋ ለወር አይቆይም። በድርሻ ብነግርህ ይሻላል። ለሳጥኑ ብቻ፣ ስክሪኑን ሳትቆጥር፣ ከያዝከው 100 ብር ውስጥ 40ው ለካርዱ ይሁን። ፕሮሰሰሩ ከ17 አይብለጥ። ፓወር ሰፕላዩ ከ10 አይነስ። የቀረውን ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ኤስኤስዲውና ኬዙ ይካፈሉት።

ለ1080ፒ (ፉል ኤችዲ) ስክሪን የእኔ ምርጫ ያገለገለ አርኤክስ 6600 ነው። 8 ጊጋ ሚሞሪ አለው፤ መብራትም ብዙ አይበላም። ከጌም ሌላ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ወይም በብሌንደር 3ዲ የምትሠራ ከሆነ አርቲኤክስ 3060 ፈልግ፤ ብዙ የሥራ ፕሮግራሞች ከኢንቪዲያ ጋር ይስማማሉ። ግን ባለ 12 ጊጋው መሆኑን አረጋግጥ። ባለ 8 ጊጋ 3060ም አለ፤ ስሙ አንድ፣ አቅሙ ግን ያነሰ ነው። ብሩ ካጠረህ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ዛሬም ያጫውትሃል። አርኤክስ 6500 ኤክስቲን ግን ተወው። አብዛኛው 4 ጊጋ ነው፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘውም በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ የቆየ ማዘርቦርድ ላይ ይብስበታል።

ማጭበርበሩ እዚህ ላይ ነው የሚበዛው። አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጥ ሁለት ዓይነት አለ። ዋናው 2304 ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) አለው፤ ሌላው 2048። ከውጭ አይለዩም። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ ደግሞ ባዮሱ (ሲነሳ የሚሠራው የውስጥ ፕሮግራም) የተቀየረ የድሮ ካርድ ይሸጣል። ዊንዶውስ ራሱ ይሸወዳል፤ ስሙን 1050 ቲአይ ብሎ ያሳይሃል። ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ። የኮሩን ቁጥርና ሚሞሪውን በግልጽ ታወጣዋለች፤ አብዛኛውን ሐሰተኛም ታጋልጣለች።

እኔ ካርድ ስገዛ እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ሳይሰካ በእጄ እይዘዋለሁ። የብሎኖቹን አናት አያለሁ፤ ከተፋፋቁ ተከፍቶ ያውቃል ማለት ነው። መከፈቱ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፣ ግን ለምን ተከፈተ ብዬ እጠይቃለሁ። አሸተዋለሁ። ማራገቢያዎቹን በጣቴ ቀስ አድርጌ አዞራለሁ፤ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ካለ እሱ ቶሎ ይሞታል። ከዚያ ይሰካና ካርዱን የሚያስጨንቀው ፈርማርክ የተባለ ፕሮግራም 20 ደቂቃ ይሮጣል። ባለሱቁ ለ20 ደቂቃ ከተናደደ ትቼው እሄዳለሁ። ሙቀቱ ወጥቶ አንድ ቦታ ላይ መርጋት አለበት። አጠቃላዩ 70 ዲግሪ ሆኖ ሆትስፖት (በጣም የጋለው ነጥብ) የሚለው 100 ከደረሰ ውስጡ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቋል። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ብልጭ ካለ ግን ድርድር የለም፤ ቻው ነው።

ማይኒንግ (የክሪፕቶ ገንዘብ ቁፋሮ) የሠራ ካርድ አትግዛ የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ እንደዚያ አልልም። ኢቴሪየም የተባለውን ክሪፕቶ በፈረንጆቹ መስከረም 2022 በካርድ መቆፈር ሲቀር ብዙ ካርድ ገበያ ላይ ወጣ። ከእነዚያ አንዱ አሁንም እኔ ጋ ይሠራል። እነሱ ላይ ቀድሞ የሚደክመው ማራገቢያውና ፔስቱ ነው፤ ሁለቱም ይቀየራሉ። ፈተናውን ካለፈና ዋጋው ከወረደ ውሰደው።

ፕሮሰሰር ላይ ራይዘን 5 5600 ወይስ ኮር አይ5 12400ኤፍ ብለህ ተጨንቀሃል። አትጨነቅ። ሁለቱም 6 ኮር፣ 12 ትሬድ (በአንዴ የሚሠሩት ሥራ) ናቸው። በዚህ ካርድ ልዩነታቸውን በዓይንህ አታየውም። ከማዘርቦርዱ ጋር ደምረህ የረከሰውን ውሰድ። ሁለቱም ግን የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም፤ ካርድ ሳይኖር ስክሪን አያበሩም። ካርዱን ከሦስት ወር በኋላ ነው የምገዛው ካልክ የራሱ ግራፊክስ ያለው 5600ጂ ይሻልሃል፤ ትንሽ ደከም ቢልም እስከዚያ ኳስ ያጫውትሃል። ያገለገለ ቢ450 ማዘርቦርድ ካገኘህ ባዮሱ 5600ን እንደሚያውቅ እዚያው አስነስተህ እይ። ካልታደሰ ዕቃው ሁሉ ደህና ሆኖ ስክሪኑ ጥቁር ይሆንብሃል፤ ተበላሽቶ መጣ ብለህ ታለቅሳለህ። አዲሱ የራም ትውልድ፣ ዲዲአር5፣ ለወደፊቱ ጥሩ ነው፤ በመካከለኛ ብር ግን ከካርድህ ላይ ነው የሚቀንስብህ።

ራም ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 3200 ይሁን እንጂ አንድ ባለ 16 አይሁን። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀዳዳ ሰካና ባዮስ ገብተህ ኤክስኤምፒን (ራሙን በሙሉ ፍጥነቱ የሚያሠራውን ምርጫ) አብራ። ኤስኤስዲ አንድ ቴራ ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ ዓይነት) ይበቃል። ያገለገለ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ጤናውን እይ።

ኬዝ ላይ ግን ላቆምህ። ፊት ለፊቱ በመስታወት የተደፈነ፣ መብራቱ የሚያምር ኬዝ መርጠሃል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አየሩ ከታች አገር ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሳሳል፤ ማራገቢያ የሚገፋው አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ዩቲዩብ ላይ የምታየው ሙቀት እዚህ ሚያዝያ ላይ አይሠራም። ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ግዛ፤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ማራገቢያ። በዚያ ላይ በጋውን አቧራው አለ። ማታ መስኮት ከፍተህ መብራት ካበራህ ደግሞ ከሐይቁ የሚመጣው ትንኝ አለ። ባለፈው ዓመት የአንድ ልጅ ፒሲ ስከፍት የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መሃል የሞተ ትንኝና አቧራ ተጋግሮ እንደ ጨርቅ ተላጦ ወጣ። ሙቀቱ ከ95 ወደ 72 ወረደ፤ አንድም ዕቃ አልቀየርንም።

ስታጸዳ ጎሚስታ ጋ ወስደህ በኮምፕረሰር አታስነፋው። ኮምፕረሰሩ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ከአየሩ ጋር ይረጫል። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃሃል። ማራገቢያውን በጣትህ ያዘው፣ እንዲሽከረከር አትልቀቀው።

የቢሮ ዴስክቶፑን በተመለከተ ጓደኛህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በጣም ትንሽ ብር ላለው ሰው መንገድ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ የራሳቸው የተለየ ፓወር ሰፕላይ ሶኬት አላቸው፤ ለካርድ የሚሆን ገመድም የላቸውም። ያኔ የምትጠቀመው ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ብቻ የሚገኘውን 75 ዋት ነው፤ የምትመርጠውም እንደ ጂቲኤክስ 1650 ካሉ ትናንሽ ካርዶች ነው። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ ደግሞ ቁመቱ ያጠረውን ካርድ ነው የሚቀበለው። አንተ የያዝከው ብር ከዚህ ይሻላል፤ ግጠም።

ካርዱን ከአዲስ አበባ የምታስመጣ ከሆነ በራሱ ካርቶን፣ ለብቻው ይምጣ። የተገጣጠመ ፒሲ ካርዱ እንደተሰካ በአውቶቡስ ያስጫነ ልጅ አውቃለሁ። የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ ወርዶ ወጥቶ እዚህ ሲደርስ የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ተሰንጥቆ ነበር።

እዚሁ ከተማ ካገኘህ ግን ከመክፈልህ በፊት ንገረኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ። ፍላሹን ጂፒዩ-ዚ እና ፈርማርክ ጭኜበት፣ የእኔን ፓወር ሰፕላይ ይዤ እመጣለሁ፤ ካርዱን በእሱ እንፈትነዋለን።