ጣና ላይ በሸራ፦ የጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ባለሸራ መንታ ጀልባ ስንገፋ ያያችሁን ብዙ ጠይቃችሁኛል። ጀልባዋ የጓደኛዬ ናት፤ አሮጌ ሆቢ 16 ካታማራን። እኔም ሊቅ አይደለሁም፤ ብዙ ጊዜ የተገለበጥኩ ሰው ነኝ። የቻልኩትን ልመልስ።

ጋሼ፣ ሞተር ከሌላት በምን ትሄዳለች? ካታማራንስ ምን ማለት ነው?

በነፋስ ብቻ ነው የምትሄደው፤ ነፋሱን የሚይዙት ምሰሶዋ ላይ ያለው ትልቁ ሸራና የፊቱ ትንሽ ሸራ ናቸው። ሁለት ቀጫጭን አካላት አሏት፤ እኔ እግር ነው የምላቸው። በመሃላቸው ጠንካራ ጨርቅ ተወጥሯል፣ እሱ ላይ እንቀመጣለን። ርዝመቷ 5 ሜትር፣ ስፋቷ 2 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ክብደቷ 145 ኪሎ ነው። ሰፊ ስለሆነች ቶሎ አትንገዳገድም። አንዴ ከተገለበጠች ግን በቀላሉ አትነሳም።

መጀመሪያ ምን ልማር?

መቆም። ሁሉም መፍጠን ነው የሚፈልገው። የትልቁን ሸራ ገመድ ልቀቀው፤ ሸራው ነፋሱን ይለቅና መርገብገብ ይጀምራል፣ ጀልባዋም ትቀዘቅዛለች። ስትደነግጥ እጅህ ገመዱን አጥብቆ መያዝ ይፈልጋል። የሚገለብጠን እሱ ነው። እኔ ጀማሪን ገመድ ማስለቀቅ ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ አለማምዳለሁ፤ ይሰለቻቸዋል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ነፋሱ ከምሄድበት አቅጣጫ ቢመጣስ?

ዘጌ ልትሄድ ነው እንበል፣ ነፋሱም ከዘጌ ነው የሚመጣው። ቀጥ ብለህ ከሄድክ ትቆማለህ። ስለዚህ ነፋሱን በአንድ ጎን፣ 45 ዲግሪ ያህል አግድመህ ትሄዳለህ፤ ከዚያ ዞረህ በሌላው ጎን። የዓባይ በረሃን መንገድ አስበው፤ ዳገቱን ቀጥ ብሎ አይወጣውም፣ እየተጠማዘዘ ነው።

የካታማራን ጣጣ መዞሩ ላይ ነው። ቀላል ስለሆነች መሃል ላይ ፍጥነቷ ያልቅና አፍንጫዋን ለነፋሱ ሰጥታ ቀጥ ትላለች። ስለዚህ ፍጥነት ይዘህ ግባ። መሪውን አትመንጭቀው፣ ቀስ አድርገህ ግፋው። የፊቱን ትንሽ ሸራ ቶሎ አታዙረው፤ ነፋሱ ከጀርባው ገብቶ አፍንጫዋን ይግፋልህ። ተጣብቀህ ወደ ኋላ መንሸራተት ከጀመርክ ደግሞ መሪው በግልባጭ እንደሚሠራ አስታውስ።

ብንገለበጥስ? እውነቱን ንገረን።

ትገለበጣላችሁ። መጀመሪያ የጓደኛህ ጭንቅላት ከውሃ በላይ መሆኑን እይ። ከዚያ ጀልባዋን እንዳትለቅ። ዋናተኛ ነኝ ብለህ ወደ ዳር አትዋኝ፤ የዳርቻው ርቀት ከውሃ ላይ ሲታይ ያታልላል።

አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ፣ ገመድ ከላይኛው እግር ላይ አሳልፋችሁ፣ የታችኛው ላይ ቆማችሁ ወደ ኋላ ትንጋለላላችሁ። መጀመሪያ ምንም የማይሆን ይመስላል። ሸራው የያዘውን ውሃ ቀስ ብሎ ሲለቅ ምሰሶው ብቅ ይላል፣ ከዚያ በአንዴ ትነሳለች። ያኔ ከላይ የሚወርደው እግር እንዳይመታችሁ ራሳችሁን ጠብቁ። ቀጭን ሰው ብቻውን አይችላትም፤ ለሁለት ውጡ።

ደግሞ ፍጠኑ። ምሰሶዋ 8 ሜትር ያህል ነው። ጣና ደግሞ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር አይሞላም፤ ወደ ዳር ሲመጣ ከዚያ በብዙ ያንሳል። እኛ አንዴ ስንዘገይ ጭራሽ ተገለበጠችና የምሰሶው ጫፍ ጭቃ ውስጥ ተተከለ። ብንስብ፣ ብንንጋለል፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ዓሣ አስጋሪዎች በሞተር ጀልባ ጎተቱልን። ምሰሶው ጥቁር ጭቃ እንደ ቆብ ደፍቶ ሲወጣ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

በስንት ሰዓት ብንወጣ ይሻላል?

ጠዋት ሐይቁ ብዙ ጊዜ እንደ መስታወት ነው። ለመቅዘፍ ግሩም፣ ለሸራ ግን ከንቱ። ረፋዱ ላይ ለስለስ ያለው ነፋስ ሲጀምር ለጀማሪ ይመቻል፤ ከሰዓት ይበረታል። ክረምት ላይ ደመና ሲጠቁር ግን ቶሎ ከሐይቁ ውጡ። በሜዳ ውሃ ላይ ረጅም የብረት ምሰሶ ይዞ መብረቅ መጠበቅ ጀግንነት አይደለም። ምሰሶውን ዳር ላይ ስታቆሙም ቀና ብላችሁ የመብራት ሽቦ ፈልጉ።

በነገራችን ላይ እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሶ ይገፋል። የውጭ ማስተማሪያ ቪዲዮ አይታችሁ «የኛዋ ለምን ዘገየች?» ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ጉማሬስ?

ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አፍ እና ደንገሉ ውስጥ አትግቡ። ሸራ ድምፅ የለውም፤ ጉማሬው ሳይሰማችሁ ላዩ ላይ ትደርሳላችሁ።

እምቦጭ ያስቸግራል?

መሪው ላይ ከተጠመጠመ አዎ። ጀልባዋ አልታዘዝ ካለች መጀመሪያ ወደ ኋላ እዩ። ለብቻው ተንሳፍፎ የሚመጣውንም ዙሩት።

ዋና አልችልም፣ ላይፍ ጃኬት ብለብስ በቂ ነው?

አይደለም ወንድሜ። ዋና ተማርና ና። ጃኬቱን ያኔም ትለብሰዋለህ። ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ ስላለ አልፎ አልፎ መመርመሩም አይከፋም።

ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ ዋና ትችላለች። ይዤያት ልምጣ?

እሰይ እህቴ፣ አምጫት። የመጀመሪያውን ሰዓት አሸዋ ላይ በቆመችው ጀልባ መሪና ገመድ ትለማመዳለች። ከዚያ ከእኔ ጋር እስከ ቅርቡ ድረስ። ደረቅ ቅያሪ ልብስና ኮፍያ አትርሺ፤ መርጠቧ አይቀርም።