ጥያቄና መልስ፦ ስልኩን ሳይሆን ክፍሉን ለውጡ

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የምንገኝ የጋዜጠኝነትና ኮሙዩኒኬሽን ተማሪዎች ነን። ለቡድን ሥራ የ15 ደቂቃ የራዲዮ ድራማ አዘጋጅተን እንድናስረክብ ታዘናል። ታሪኩ የሚፈጸመው በገጠር፣ በክረምት ሌሊት ሲሆን፣ ዝናብ የያዘው አንድ መንገደኛ በበቅሎ መጥቶ በአንዲት ባልቴት ቤት ያድራል። በእጃችን ያሉት ሦስት ስማርት ስልኮችና አንድ ላፕቶፕ ብቻ ናቸው። የመጀመሪያውን ትዕይንት በመማሪያ ክፍላችን ብንቀርጽም ድምፃችን ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ከኢንተርኔት ያወረድነው የዝናብ ድምፅም ከንግግሩ ጋር አልዋሐድ ብሎናል። አሁን ማይክራፎን ለመግዛት ገንዘብ እያዋጣን ነው። ምን ዓይነቱን ብንገዛ ይሻለናል?

መልስ፦ ለጊዜው ገንዘባችሁን አታውጡ። የገለጻችሁት ችግር የስልኮቻችሁ ሳይሆን የክፍሉ ነው፤ ውድ ማይክራፎን ገዝታችሁ እዚያው ክፍል ብታስገቡት ያንኑ የገደል ማሚቶ ይበልጥ አጥርቶ ይቀርጽላችኋል። የመማሪያ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልሙጥ፣ መስኮቱ መስታወት ነው። ከተናጋሪው አፍ የወጣው ድምፅ በእነዚህ ጠንካራ ነገሮች ላይ እየነጠረ ከአፍታ መዘግየት በኋላ ተመልሶ ማይክራፎኑ ላይ ይደርሳል። እኛ ክፍሉ ውስጥ ስንሆን ጆሯችንና አእምሯችን ተባብረው ይህን የተመላሽ ድምፅ ችላ ስለሚሉት እምብዛም አናስተውለውም፤ ማይክራፎን ግን የመጣለትን ሁሉ ሳይመርጥ ይመዘግባል። በእናንተ ታሪክ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ ቤት እንዲህ አያስተጋባም፤ ስለዚህ አድማጩ ምክንያቱን መናገር ባይችልም እንኳ ባልቴቷ በቤቷ እንዳልሆነች ይሰማዋል።

ስለዚህ ከመማሪያ ክፍል ወጥታችሁ በዶርም ወይም ከእናንተ በአንዳችሁ ቤት፣ አልጋ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍና ልብስ የሞላበት ጠበብ ያለ ክፍል ፈልጉ። ከተናጋሪው ፊት ለፊት ፍራሽ አቁሙ፤ ከጀርባውና ከጎኑም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ በገመድ ላይ አንጠልጥሉ። ከዚያም አንድ ጊዜ አጨብጭባችሁ አዳምጡ፤ ጭብጨባው ጅራት ሳያበጅ እዚያው የሚሞት ከሆነ ክፍሉ ለቀረጻ ደርሷል። ጸጥታው ደግሞ የሰዓት ጉዳይ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የባጃጁ ድምፅ ይቀንሳል፤ ወደ ንጋት ሲቃረብ ግን የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያዎች ስለሚጀምሩ በመካከል ያለውን ጊዜ ተጠቀሙበት። ፍሪጅ ካለ ንቀሉት፤ ስልኮቹንም ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጓቸው። መብራት የሄደበት ሌሊት፣ ጎረቤት ጄኔሬተር እስካላስነሳ ድረስ፣ ለቀረጻ እጅግ ተስማሚ ስለሆነ ባትሪ አስቀድማችሁ ሞልታችሁ ጠብቁ።

ወደ ስልኩ ስንመለስ፣ ድምፅ የሚቀበለው ዋናው ማይክራፎን በአብዛኛው ከግርጌው፣ ቻርጀር ከሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ነው። ብዙ ሰው ሳያውቀው በመዳፉ ይሸፍነዋል። ስልኩን በእጅ ከመያዝ ይልቅ በታጠፈ ፎጣ ላይ አስደግፋችሁ ግርጌውን ወደ ተናጋሪው አዙሩት፤ ርቀቱም ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይሁን። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ከተናጋሪው በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ይቀንሳል፤ የክፍሉ ማሚቶ ግን ባለበት ስለሚቆይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት እንኳ ብዙ ያበላሻል። ስልኩን ከአፍ ትክክል ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። “ፖሊስ” ወይም “ፖስታ” ሲባል ከከንፈር የሚወረወረው አየር ማይክራፎኑን ስለሚመታው እንደ ጡጫ ይሰማል። ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ቀ አየር ባያበዙም ስለታም ናቸው፤ ተዋናይ በቁጣ ሲናገር የድምፁን መጠን በድንገት ወደ ላይ ያስፈነጥሩታል። በመሆኑም የድምፅ መለኪያው ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ፣ ማለትም መቅረጫው ከሚችለው የመጨረሻ መጠን፣ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ባለው መካከል እንዲቆይ አድርጉ። ዝቅ ብሎ የተቀረጸን ድምፅ በኋላ ማጉላት ይቻላል፤ ዜሮን አልፎ የተሰነጠቀን ድምፅ ግን መጠገን እጅግ ከባድ ነው።

ተዋናዮቹ ለየብቻ ይቀረጹ ወይስ አብረው የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በእኔ እምነት አብረው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ቢቀረጹ ይሻላል፤ ባልቴቷ የመንገደኛውን ትንፋሽ ሰምታ ስትመልስ የሚገኘውን የንግግር ምት በኤዲቲንግ መፍጠር አይቻልም። ለእያንዳንዱ ተዋናይ አንድ ስልክ ስጡና በሁለቱ ስልኮች መካከል ያለው ርቀት ስልኩ ከአፍ ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን። ሁሉም ስልኮች መቅረጽ ከጀመሩ በኋላ አንድ ሰው “ትዕይንት 3፣ ቀረጻ 2” ብሎ አንዴ ያጨብጭብ። ላፕቶፑ ላይ ፋይሎቹን የምታገጣጥሙት ያንን ጭብጨባ ይዛችሁ ነው። የሁለት ስልኮች ሰዓት ፍጹም እኩል ስለማይሄድ ረጅም ቀረጻ ቀስ በቀስ ይዛነፋል፤ ስለዚህ ትዕይንት በትዕይንት እያቆማችሁ ቅረጹ። ከቡድኑ አንዱ ምንም ሚና ሳይኖረው በኤርፎን እያዳመጠ ስህተት ብቻ የሚይዝ ይሁን። እያንዳንዱን ትዕይንት ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ ሁላችሁም ዝም ብላችሁ የክፍሉን ጸጥታ ለ30 ሰከንድ ያህል ቅረጹ። ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሲቀጠሉ የሚፈጠረውን ባዶ ክፍተት የምትሞሉት በእሱ ነው፤ አለዚያ ድምፁ በየመካከሉ ድርግም እያለ የተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ይታወቃል።

አሁን ወደ ዝናቡ እንምጣ። ያወረዳችሁት ድምፅ ያልተዋሐደው ምናልባት በአስፋልት ወይም በቆርቆሮ ላይ የወረደ ዝናብ ስለሆነ ነው። በሣር ክዳን ላይ የሚወርድ ዝናብ ከውስጥ ላለ ሰው የታፈነ ነው፤ ጎልቶ የሚሰማው በበሩ በኩል የሚገባው ሹሹታና ከክዳኑ ጠርዝ እየተንጠባጠበ መሬት የሚመታው ጠብታ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ለየብቻ ሥሩ። ለሹሹታው ጤፍ በእጃችሁ ይዛችሁ በተዘረጋ ወረቀት ላይ በዝግታና ሳታቋርጡ አፍስሱ። ለጠብታው እርጥብ አፈር በሳፋ አድርጋችሁ ከክንድ ከፍታ ውኃ አንጠባጥቡ፤ ጠብታው እኩል እየጠበቀ ከወደቀ ሰው ሠራሽነቱ ስለሚያስታውቅ አንዳንዴ ፈጠን፣ አንዳንዴ ዘግየት በሉ። ከዚያም ቅንብሩ ላይ፣ በሩ ተዘግቶ ሳለ ዝናቡን ዝቅ አድርጉና ቀጭኑን ድምፅ በማጣሪያ ቁረጡለት፤ መንገደኛው በሩን ሲከፍት ሙሉ ድምፁን ልቀቁት፤ ሲዘጋው መልሱት። ይህች አንዲት ለውጥ ብቻዋን ለአድማጩ ቤቱን፣ በሩንና ውጪውን ታሳየዋለች።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ብዙ ስልኮች ለንግግር ተብለው የተሠሩ በመሆናቸው ሳያቋርጥ የሚሰማን ድምፅ እንደ ረብሻ ቆጥረው ያጠፉታል፤ ዝናብ ደግሞ የማያቋርጥ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሰከንድ ጥሩ ተሰምቶ ከዚያ ከደበዘዘ ምክንያቱ ይህ ነው። በመቅረጫው ሴቲንግ ውስጥ የረብሻ ማጥፊያውንና ድምፅን በራሱ የሚያስተካክለውን አሠራር አጥፉ፤ ማጥፋት የማይቻል ከሆነ ሌላ መቅረጫ አፕ ጫኑ።

የበቅሎዋን ኮቴ በተመለከተ፣ በውጭ አገር የራዲዮ ባለሙያዎች ለሁለት የተከፈለ ኮኮናት ይጠቀሙ ነበር። እኛ ዘንድ ለሁለት የተሰነጠቀ ደረቅ ቅል ይተካዋል፤ አፈር በሞላው ካርቶን ላይ አፉን ደፍታችሁ ምቱት። በቅሎ ስትራመድ አራቱም እግሮቿ ተራ በተራ ስለሚያርፉ ምቱ አራት ነው፤ ሁለት ብቻ ካደረጋችሁት የሰው እርምጃ ይመስላል። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ አፈሩን አርጥቡት። ለእሳቱ የብስኩት መጠቅለያ ከማይክራፎኑ አጠገብ በዝግታ እያሻሻችሁ አልፎ አልፎ ደረቅ ጭራሮ ስበሩ። ለነጎድጓዱ ሰፊና ስስ ላሜራ አንጠልጥላችሁ ከግርጌው ይዛችሁ አርገብግቡት፤ ቴአትር ቤቶች ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ነው። ቡናው ግን እውነተኛ ይሁን። የሚወቀጠውን በሙቀጫና በዘነዘና ቅረጹት፤ ወለሉ የሚያስተላልፈው ንዝረት እንዳይገባ ስልኩን ሁለት እርምጃ ራቅ አድርጋችሁ ትራስ ላይ አስቀምጡት። ከጀበና ወደ ስኒ ሲቀዳም ትኩስ ቡና ቅዱ፤ ትኩስና ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሲቀዳ ድምፁ ይለያያል፣ ጆሮም ልዩነቱን ይይዛል።

ድምፆቹን ስትሠሩ ለየብቻ እየቆረጣችሁ ከምትለጥፉ ይልቅ የተዋናዮቹን ንግግር በኤርፎን እያዳመጣችሁ ከታሪኩ ጋር እኩል ብትሠሯቸው ይመረጣል። በፊልሙ ዓለም ጃክ ፎሊ የተባለው የሆሊውድ ባለሙያ ስሙ ለሙያው መጠሪያ እስኪሆን ድረስ የታወቀው ምስሉን እያየ እርምጃውንና የልብሱን ኮሽታ በዚያው ቅጽበት በመሥራቱ ነው። በቅሎዋ ስትደክም የቅሉ ምት የሚደክመው ሠሪው ታሪኩን እየሰማ ከሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ከቡድናችን አንዷ በእረፍት ምክንያት ደሴ ናት። የተራኪዋን ክፍል በቴሌግራም ቮይስ ብትልክልን ችግር አለው?

መልስ፦ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አትላክላችሁ። መልእክቱ በኔትወርክ ቶሎ እንዲያልፍ ተጨምቆ ስለሚሄድ የድምፁ ጥራት ይቀንሳል፤ ከሌሎቻችሁ ድምፅ አጠገብ ሲቀመጥም በስልክ የምታወራ ትመስላለች። በስልኳ መቅረጫ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዌቭ ፎርማት፣ በ48 ኪሎ ኸርዝ ትቅረጽና ያንኑ በፋይልነት ትላክላችሁ፤ ቴሌግራም በፋይል የተላከን ነገር ሳይነካ ያደርሳል። በ16 ቢት የተቀረጸ የአንድ ማይክራፎን ድምፅ በደቂቃ 6 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ የአምስት ደቂቃ ትረካ 30 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ፓኬጅ ስትገዛ ይህን ታስብ። ተራኪ ከታሪኩ ውጭ የቆመ ድምፅ በመሆኑ በሌላ ክፍል መቀረጹ አይጎዳም። እንዲያውም የራሱ የሆነ ቅርበት ቢኖረው መልካም ነው። አስቀድማችሁ ግን ከተቀረጸው ንግግር አንድ ትዕይንት ላኩላት፤ የአነጋገር ፍጥነቷንና የድምፅዋን ከፍታ ከእሱ ጋር ታስማማለች።

ጥያቄ፦ በድራማው መካከል የገበያ ትዕይንት አለን። ገበያ ሄደን ዝም ብለን ብንቀርጽ፣ ማጀቢያ ሙዚቃም ከዩቲዩብ ብንወስድ ይፈቀዳል?

መልስ፦ የገበያው ሁካታ፣ የማንም ሰው ንግግር ተለይቶ እስካልተሰማ ድረስ፣ ማንንም አይጎዳም። አንዲት ሻጭ ከደንበኛዋ ጋር የምታደርገውን ክርክር በቅርበት ልትቀርጹ ከፈለጋችሁ ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዷት፤ ለምን እንደምትቀርጹም ንገሯት። አንዳንዴ ካወቀች በኋላ ንግግሯ ይደርቃል። እንዲህ ሲሆን እናንተው ክርክሩን በፍራሽ በተከበበው ክፍላችሁ ሠርታችሁ ከገበያው ሁካታ ጋር ብትቀይጡት የተሻለ ውጤት ታገኛላችሁ፤ ቃሉም ጥርት ብሎ ይሰማል።

ዘፈኑን በተመለከተ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን ብቻ ሳይሆን ከዋኙን (ዘፋኙን ወይም ተጫዋቹን) እና የድምፅ ሪከርዲንጉን አዘጋጅም ይጠብቃል። ድራማውን ነገ በዩቲዩብ ልትጭኑት ካሰባችሁ ፈቃድ የሌለው ዘፈን አትጠቀሙ። ከክፍላችሁ ወይም ከሰፈራችሁ ክራር ወይም ዋሽንት የሚጫወት አንድ ሰው ጠይቃችሁ ራሳችሁ ብትቀርጹት፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ ብትቀበሉ ይበልጥ ያምራል። እንደ ጅብ ጩኸት ያሉ ልትቀርጿቸው የማትችሏቸውን ድምፆች ለማግኘት ቢቢሲ የድምፅ ክምችቱን ለትምህርትና ለግል አገልግሎት በነፃ ከፍቷል፤ ፍሪሳውንድ በተባለው ድረ ገጽም ብዙ አለ። በፍሪሳውንድ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ የፈቃድ ዓይነት ስላለው ከማውረዳችሁ በፊት አንብቡት፤ የቀራጩ ስም እንዲጠቀስ የሚጠይቅ ከሆነም በድራማው መጨረሻ ተራኪዋ ትጥራው። ከጅቡም ጩኸት እንደ ዝናቡ ቀጭኑን ድምፅ በማጣሪያ ቁረጡ፤ በሩ በተዘጋበት ቤት ውስጥ ጅብ ጥርት ብሎ አይሰማም።