ወለል ፈጋጊው ሻለቃ፦ ስለ አቤይፊልድ ቤቶች ጥያቄና መልስ

ደሴ ላይ በቅሬያችን (በእድራችን) ስብሰባ ስለ ጧሪ አልባ ሽማግሌዎች ሲነሳ፣ እንግሊዝ አገር ብቻቸውን ለቀሩ ሽማግሌዎች የጋራ ቤት ስለሚያዘጋጀው አቤይፊልድ ማኅበር ጥቂት ተናግሬ ነበር። ጥያቄ ጎረፈ። የቻልኩትን እዚህ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

ማን ነው የጀመረው? (ከሆጤ)

ሪቻርድ ካር-ጎም የሚባል መኮንን ነው። በ1922 ተወለደ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጋ። ኮልድስትሪም ጋርድስ በሚባለው የክብር ዘብ ክፍል ሻለቃ ደረሰ። በ1955 ማዕረጉን ትቶ ወጣ። ወጥቶ ምን ሠራ? በለንደን በርሞንዚ በሚባል የድሃ ሠራተኞች ሰፈር ያለ ደመወዝ የሽማግሌዎችን ቤት ያጸዳ ጀመር። «ወለል ፈጋጊው ሻለቃ» ተባለ። እኛ ዘንድ ሻለቃ ባልዲና መጥረጊያ ይዞ በየቤቱ ቢዞር ምን እንደሚባል አስቡት።

ቤት ለቤት ሲዞር አንድ ነገር ገባው። ብዙዎቹን የጎዳቸው ከችግሩ ይልቅ ብቸኝነቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ደህና ዋላችሁ የሚላቸው የለም። ስለዚህ ከሠራዊቱ ሲወጣ ባገኘው ገንዘብ እዚያው ሰፈር ቤት ገዛና ጥቂት ብቸኛ ሰዎችን አስገባ። ማብሰሉንም ማጽዳቱንም ራሱ ያዘው። በ1956 ማኅበሩ ተመሠረተ። ስሙን የወሰደው እዚያው ሰፈር ካለ መንገድ ነው።

እንደ መቄዶንያ ነው? (ከኮምቦልቻ)

አይደለም እህቴ። በእኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም ቢኒያም በለጠ የጀመረው መቄዶንያ ጎዳና ላይ የወደቀውን፣ ሕመምተኛውን፣ አእምሮው የታወከውን ያነሳል። አቤይፊልድ ግን የተነሳው ራሱን ችሎ ለሚንቀሳቀስ፣ ግን ብቻውን ለቀረ ሰው ነው።

ቤቱ ትንሽ ነው፤ የተለመደው 7 ወይም 8 ሰው ቢይዝ ነው። ከሌላው ጎረቤት ቤት አይለይም። እያንዳንዱ የራሱ ክፍል አለው፤ ወንበሩን፣ ፎቶውን ይዞ ይገባል። ቁርሱን ራሱ ያሰናዳል። ምሳና እራት የቤቱ ሠራተኛ ታበስላለች፣ አንድ ገበታ ላይ ይበላል። ሒሳቡን፣ ጥገናውን፣ ጥየቃውን የሰፈር በጎ ፈቃደኞች ይይዙታል።

ነፃ ነው? (ስብሰባው ላይ ብዙ ሰው ያነሳው)

አይደለም። ነዋሪው ለክፍሉና ለምግቡ ይከፍላል፤ ማኅበሩ ግን አያተርፍበትም። «ጽድቅ ብለው ኪራይ ያስከፍላሉ?» ያላችሁ ነበራችሁ። እኔ ግን የወደድኩት እሱን ነው። የከፈለ ሰው በቤቱ ይናገራል፣ ወጡ ጨው በዛበት ይላል። ተመጽዋች ይህን አፍ አያገኝም። እንግሊዝ ጡረታ ስላለ ነው የሚያስኬደው፣ ይህን አልክድም።

ከሻለቃው በፊት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም?

ኧረ ነበር። ጀርመን ኦግስበርግ ውስጥ ያኮብ ፉገር የተባለ ባለጠጋ በ1521 ለድሆች የመሠረተው መንደር ዛሬም ሰው ይኖርበታል። የዓመት ኪራዩ አንድ ዩሮ አይሞላም። በለውጡ ነዋሪው በየቀኑ ለመሥራቹ ቤተሰብ ይጸልያል።

መሥራቹ እስከ መጨረሻው ቆየ?

አልቆየም። ከኮሚቴው ጋር ተጣልቶ ተለያየ። በ1965 በስሙ የሚጠራ ሌላ ማኅበር አቋቋመ፤ ይኼኛው ሽማግሌ ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም ብቸኛ ሰው ለመቀበል ነው የተነሳው። በ2008 አረፈ። አቤይፊልድም ያለ እሱ አውስትራሊያ፣ ካናዳና ኒውዚላንድ ድረስ ደረሰ።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው። ልጅ ለምን ይወለዳል ታዲያ? (አንድ አባት፣ ከሐይቅ)

አባቴ፣ ልጅ ያለው ልጁ ይጡረው፣ እሰየው። ግን የስንቱ ልጅ አዲስ አበባ ነው? የስንቷ እናት ልጅ ጅዳና ቤይሩት ናት? ብር ይላካል። ቡናው ሲፈላ አብሮ የሚጠጣው ነው የጠፋው። ያልወለደም፣ ወልዶ የቀበረም አለ።

ቅሬያችን ይችላል?

ቤት ሥሩ አላልኩም። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ሳህኑ አለን። ማን እንደታመመ፣ ማን ብቻውን እንደቀረ የሚያውቅ ከቅሬ በላይ የለም። ግን ደንባችን ገንዘቡን ያሰናዳው ለቀብር ነው። ሰውየው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፤ በቁሙ ሳለ ግን በወር አንዴ መዋጮ ሲያመጣ ብቻ እናየዋለን። በእኔ ሐሳብ መጀመሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። ከዚያ ሰፊ ግቢ ያላት፣ ብቻዋን የቀረች አንዲት እናት ፈቃደኛ ከሆነች፣ ሁለት ሦስት ሰው እዚያ ይጠጋ። ለምታበስለው ቅሬው ይክፈል። ኪራዩ ለባለ ግቢዋ ይሁን፤ ውሉም በጽሑፍ ይሁን፣ ኋላ ወራሽ ሲመጣ ጠብ እንዳይሆን።

ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ቤት ሲሆኑ ሥጋውስ?

ይህን የጠየቀው ሰው ወሎ ሰርግ አልበላም እንዴ? ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስት። በአዘቦቱ ሽሮ ነው፣ ሽሮ ደግሞ ማንንም አያጣላም። ይልቅ የጾሙንና የረመዳኑን ሰዓት የምታበስለዋ ከወዲሁ ትወቀው፤ ደመወዟም በዚያ ልክ ይታሰብ።