የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስልክ አቃፊ ጆይስቲክና የሊኑክስ ስልክ

ጥያቄ፦ ፓይንፎን የተባለውን የሊኑክስ ስልክ ፖስትማርኬትኦኤስ የተባለውን የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ጭኜበት እጠቀማለሁ። በቅርቡ ስልኩን ከግራና ከቀኝ አቅፎ የሚይዝ፣ በታይፕ ሲ የሚሰካ ጆይስቲክ ገዛሁ። በእህቴ አንድሮይድ ስልክ ላይ በደንብ ሲሠራ በእኔ ላይ ግን ምንም ምላሽ የለውም። ሌላ ልግዛ ወይስ መፍትሔ አለው?

መልስ፦ ለመግዛት አይቸኩሉ። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) የኤክስቦክስን አሠራር የሚከተሉ ጆይስቲኮችን ኤክስፓድ በተባለው ድራይቨር (ዕቃን ከስርዓቱ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም)፣ አጠቃላዩን የዩኤስቢ ደንብ የሚከተሉትን ደግሞ ኤችአይዲ በተባለው፣ ለኪቦርድ፣ ለማውስና ለመሳሰሉት በሚያገለግለው ድራይቨር ስለሚያስተናግድ፣ ድራይቨሩ ለስልክዎ በተዘጋጀው ከርነል ውስጥ እስከተካተተ ድረስ በሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ጆይስቲክ በስልክዎም ላይ ሊሠራ ይገባል።

በመጀመሪያ የስልኩን ከቨር አውልቀው ሶኬቱ እስከ መጨረሻው መግባቱን ይመልከቱ። ፓይንፎን 9.2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ስላለው፣ ለቀጫጭን ስልኮች የተሠራ ማቀፊያ ሶኬቱን በትንሹም ቢሆን ወደ ውጭ ሊገፋው ይችላል። ቀጥሎ ዕቃን ከስልክ ጋር በሚያገናኝ የኦቲጂ አስማሚ አንድ ተራ ኪቦርድ ሰክተው ይሞክሩ። ጆይስቲኩ ኃይል የሚያገኘው ከስልኩ ስለሆነ፣ ስልኩ ለሌላ ዕቃ ኃይል መስጠት ካልቻለ የጆይስቲኩ ጤነኛነት ብቻውን አይረዳም። በ2020 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የፓይንፎን ቦርዶች አንዳንዶቹ በታይፕ ሲ ረገድ የታወቀ የሃርድዌር ጉድለት ስለነበረባቸው፣ ኪቦርዱም ካልሠራ በቅንብር ብዙ ከመድከምዎ በፊት የቦርድዎን እትም ያጣሩ።

ኪቦርዱ ከሠራ ኢቭቴስት የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም ይጫኑና በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) ያስነሷት። ስልኩ ያወቃቸውን ዕቃዎች በቁጥር ትዘረዝራለች፤ ጆይስቲኩን መርጠው አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የቁልፉ ስም ከ1 ጋር፣ ሲለቁት ከ0 ጋር በመስመር ይወጣል። ጆይስቲኩ በዝርዝሩ ውስጥ በንክኪ ስክሪን መልክ ከታየ፣ የአንድሮይድ ጨዋታዎችን ለማታለል የተሠራው ቁልፍን ወደ ንክኪ የሚቀይር ሞድ ላይ ነው ማለት ነውና ወደ መደበኛው ሞድ ይመልሱት። መስመሮቹ በትክክል እየወጡ ጨዋታው ብቻ ዝም ካለ ደግሞ ጉዳዩ የፈቃድ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ፕሮግራምን ከተቀረው ስርዓት ለይቶ በሚያስኬደው በፍላትፓክ የተጫነ ጨዋታ የግቤት ዕቃዎችን እንዲያይ ካልተፈቀደለት ጆይስቲኩ መሰካቱን እንኳ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሶኬቱ አልመች ካለ፣ በእኔ አስተያየት ለሊኑክስ ስልክ የሚሻለው ስልኩን ከላይ የሚይዝ መቆንጠጫ የተገጠመለት ተራ የብሉቱዝ ጆይስቲክ ነው። የስልኩ ታይፕ ሲ ለቻርጅ ነጻ ይሆናል፣ የሶኬቱም አቀማመጥ አያሳስብም፤ 15.5 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው፣ ሊብረም 5 ለተባለው ሌላ የሊኑክስ ስልክማ ሌላ አማራጭ ያለው አይመስለኝም፣ መቆንጠጫውም ቢሆን በደንብ የሚከፈት መሆን አለበት። ሲያገናኙ ማጣመር ብቻ አይበቃም፤ በብሉቱዝ ቅንብሩ ውስጥ «የታመነ» ብለው ካልመዘገቡት በሚቀጥለው ቀን ራሱን ችሎ ላይገናኝ ይችላል። እንደ ኤይትቢትዱ ፕሮ 2 ባሉት ጆይስቲኮች ላይ ከጀርባ ኤስ፣ ኤ፣ ዲ እና ኤክስ የሚል የሞድ መምረጫ አለ፤ መጀመሪያ ኤክስን፣ ካልሆነ ዲን ይሞክሩ።

ስለ ጨዋታዎቹም አንድ ነገር ልበል። ፓይንፎን ማሊ 400 የተባለ አሮጌ የግራፊክስ ክፍልና እንደ እትሙ 2 ወይም 3 ጊጋባይት ራም ብቻ ስላለው፣ ሬትሮአርች በተባለው የጨዋታ ማጫወቻ ፕሮግራም የድሮ ጨዋታዎችን ሲያጫውት ደስ ያሰኛል፤ ከባድ የ3ዲ ጨዋታ ግን አይጠብቁበት።

የገዙት ጆይስቲክ አምራች የማሻሻያ መተግበሪያ ካለው፣ እነዚህ መተግበሪያዎች ባብዛኛው ለአንድሮይድና ለአይፎን ብቻ የሚሠሩ ናቸውና፣ ሙከራውን ከመጀመርዎ በፊት የእህትዎን ስልክ ተውሰው ፈርምዌሩን (የጆይስቲኩን ውስጣዊ ፕሮግራም) በዚያው ያድሱት።