መዝገቡ ያልጻፈው

ልጆቼ፣

በቅርቡ እንደ እናንተ ፖሊስ ምርመራ ክፍል የተመደበ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ የማየውን ሁሉ በደብተር እየያዝኩ ነው፤ አንድ ቀን መጽሐፍ ይሆናል» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ፈራሁለትም። ለእሱ በቃል የነገርኩትን እናንተም ስሙኝ።

ዛሬ ኮልካታ በምትባለው በህንዷ ካልካታ ፕሪያናት ሙኮፓድያይ የሚባል ቤንጋላዊ መርማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 የከተማውን ፖሊስ ምርመራ ክፍል ተቀላቅሎ 33 ዓመት አገልግሎ በ1911 ጡረታ ወጣ። ገና ሥራ ላይ ሳለ፣ ከ1892 ጀምሮ፣ የያዛቸውን ጉዳዮች «ዳሮጋር ዳፕታር» በሚል ርእስ ማሳተም ጀመረ። ዳሮጋ የፖሊስ ሹም ነው። ዳፕታር ከእኛው ደብተር ጋር ዘሩ አንድ ሲሆን በእነሱ አፍ መሥሪያ ቤት ማለት ነው። 206 ታሪኮች ወጥተውታል።

ከእነዚያ መካከል የትራይሎክያ ጉዳይ ከልቤ አይወጣም። ይህች ሴት ጌጥ ያደረጉ ሴቶችን እያባበለች ወደ ገለልተኛ ኩሬ ትወስድና ታሰጥማቸው ነበር። በመጨረሻ ራጅኩማሪ የምትባል ጎረቤቷ ተገድላ ጌጧ ጠፋ። ፕሪያናት ትራይሎክያን ጠርጥሯል፤ በእጁ ግን ማስረጃ የለም። ስለዚህ እንደ ልጇ ያሳደገችውን ሐሪን ገዳይ አስመስሎ ፊቷ ያዘው። አንጀቷ አልቻለም። ጌጦቹን ከደበቀችበት አውጥታ ሰጠች፤ «ልጁ የለበትም፣ እኔ ነኝ» አለች። በ1884 ተሰቀለች።

ብዙ አንባቢ ብልሃቱን ያደንቃል። እኔን የሚያስቆመኝ ግን ያንን ያደረገው ሰው ራሱ ጽፎ ማስቀመጡ ነው። በእናት አንጀት ገብቶ እንዳስጨነቃት አልደበቀም። እኛ ብንሆን «ተጠርጣሪዋ ያለ ምንም ተጽዕኖ በፈቃዷ ቃሏን ሰጥታለች» ብለን እናልፈው ነበር። እኔም ጽፌዋለሁ። አንድ ልጅ ወንድሙ ኮሪደር ላይ በካቴና ታስሮ ቆሞ እያየ ቃሉን ሰጠኝ። አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኩት፤ ሲጨርስ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። ወንድሙ በዚያ በር ላይ መቆሙን መዝገቡ አይናገርም። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ያ ሱሪ አሁንም ይታየኛል።

ፕሪያናት ያደረገውን አድርጉ አልላችሁም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ተገድዶ የተሰጠን ቃል አይቀበልም፤ እናንተም አትቀበሉ። የምመክራችሁ እንደ እሱ ራሳችሁን ታሪኩ ውስጥ እንድታስገቡ ነው።

ሌላም አለ። ትራይሎክያ በእሱ ጽሑፍ ውስጥ ዕድሜዋን በሙሉ ትናገራለች። ገና በልጅነቷ ብዙ ሚስቶች ላሉት ሽማግሌ መዳሯን፣ ባሏ መሞቱን፣ ሶናጋቺ ወደሚባለው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር እንዴት እንደደረሰች። ጥፋቷ አይቀልም፤ ግን ከየት እንደመጣች ታውቃላችሁ። ተጠርጣሪ ሲያወራ «ወደ ነገሩ ግባ» እያላችሁ አታቋርጡት። ነገሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው።

ለመጽሐፍ ስትጽፉ የመጨረሻ ፍርድ ያላገኘ ጉዳይ አታውጡ። የተበዳይን ስምና ሰፈር ለውጡ፤ እናቷ ጽሑፉን ብታነበው ብላችሁ አስቡ።

ያ ወጣት ደብተሩን ሰሞኑን ሊያሳየኝ ቃል ገብቷል። ስቀበለው መጀመሪያ የምፈልገው «እኔ» ብሎ የጻፈባቸውን ገጾች ነው።